የጓሳ ሣርና የገብስ ማሳ፦ የመንዝ ውርጭ አፈር በአራት መቶ ዓመት

ስለ መንዝ የምናውቀው ቁርጥራጭ ነው። አንዱ በርኖሱንና ዝተቱን ያውቃል። ሌላው የጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በቴሌቪዥን አይቷል። የታሪክ ወዳጅ የሆነ ሰው የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከአጋንቻው ነጋሢ ክርስቶስ መመዘዙን ያነሣል፤ ከዚያ አገር የወጣ የከተማ ሰው ደግሞ አያቱ አፈር ከምረው ያቃጥሉ እንደነበር ሲወራ ሰምቶ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ታሪክ ብጥስጣሾች ናቸው። ታሪኩ የአፈሩ ነው፦ ያ አፈር ለምን እንደሚበጅ በየዘመኑ ማን እንደፈረደ፣ ፍርዱም ምን እንዳስከተለ።

መሬቱን አስቀድመን እንየው። መንዝ በደቡብ በሞፈር ውሃ፣ በሰሜን በቀጨኔ፣ በምዕራብ በአዳባይና በወንጪት ሸለቆዎች የታጠረ፣ በምሥራቅ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርደው ታላቅ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ደጋ ነው። ከአፋፉ ወዲያ የዘነበው ወደ አዋሽ፣ ወዲህ የዘነበው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይ በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን ከፍታ የአገሩ ሰው ውርጭ ይለዋል። በበጋው ሌሊቱን አመዳይ ይጥላል፣ ቀኑን ፀሐዩ ይለበልባል። በዚህ ብርድ የሞተ ሥርና ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ አፈሩን ያጠቁረዋል።

በላይኞቹ ተዳፋቶች ላይ የሚገኘውን አፈር ባለሙያዎች አንዶሶል ይሉታል። ሲጨብጡት እንደ በሶ የሚፈረካከስ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ውሃ ግን በብዛት የሚይዝ አፈር ነው። ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ ፎስፎረስን ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ ሰብል ጥቁረቱ ያስመሰለውን ያህል አያገኝበትም። ሁለተኛው፣ ሣሩ ተነሥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል፤ አንዴ ክፉኛ ከደረቀ የቀድሞ ውሃ የመያዝ አቅሙ ሙሉ በሙሉ አይመለስለትም፤ ቀላል ስለሆነም ነፋስና ጎርፍ በቀላሉ ይወስደዋል። ከዚህ በታች የሚተረከው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ሁለት ጠባዮች ጋር ይጋጫል።

ከ1600ዎቹ እስከ 1920ዎቹ፦ አስቦ፣ ጌራና የቄሮ ሥርዓት

መንዝ በትውፊት ሦስት ነው፦ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። ስሞቹ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አገሩን እንዳቀኑ የሚነገርላቸው አባቶች ናቸው። የጓሳው ታሪክ የሚጀምረው ከጌራና ከአስቦ ነው። ሲነገር እንደኖረው ሁለቱ አቅኚዎች ወሰናቸውን የለዩት ፈረስ አስጋልበው ነው፤ ፈረሱ ደክሞ የወደቀበት ቦታ ድንበር ሆነ። ትረካው በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነውና ዝርዝሩን ለትውፊቱ እንተውለት። ሥርዓቱ ግን ተረት አልነበረም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የኖሩበት ሰዎች በዝርዝር መስክረውለታል።

ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የጓሳ ሜዳ ከሁለቱ አባቶች ለሚወለዱ ሁሉ የጋራ ሆኖ ከማረሻ ተከለለ። ይህ ሥርዓት ቄሮ ይባላል። (በቅርቡ በፖለቲካው ከሰማነው ስም ጋር አይገናኝም።) የአስቦም የጌራም ወገን የየራሱን አለቃ ይመርጣል፤ አለቃው አፈሮ ወይም አባ ቄራ ይባላል። ሜዳው ይዘጋል። የሚዘጋው ለአንድ ክረምት አይደለም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አይነዳበትም። ጥበቃው በየደብሩ ተከፋፍሎ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ በተራው ይወጣል። ሣሩ ደረሰ ሲባል አለቆቹ መክረው ቀን ይቆርጡና በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ያስነግራሉ። መጀመሪያ አጫጆች ይገባሉ፣ ቀጥሎ ከብት ይሰማራል፣ ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ረግረግ ሳይሆን ሁሉም ይወጣል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስደክመው ምንድን ነው? ራሱ የጓሳ ሣሩ ነው። ቤት የሚከደነው በእሱ ነው፤ ገመድ የሚገመደው፣ ክረምት እረኛ የሚለብሰው ጌሳ የሚሠራው ከእሱ ነው። ቁጥቋጦ ሠርቶ የሚበቅል፣ ጠንካራ፣ ረጅም ሣር ነው፤ ካልተረገጠና በየጊዜው ካልተጋጠ ለዚህ ሁሉ ይበቃል፤ በየቀኑ ከተጋጠ ግን አጭር ሆኖ ይቀራል። ሌላው ምክንያት በሬው ነው። ከታች በሸለቆው ዳር ያለው ገብስ የሚታረሰው በበሬ ነው፤ በበጋ መጨረሻ፣ መኖ ሁሉ ሲያልቅ፣ በሬውን የሚያቆመው የጓሳው ሣር ነው። በልግ በከዳ ዓመት ደግሞ ያ ሜዳ ለከብቱ የመጨረሻ ጎተራ ነው።

ስለ አፈሩ የሚናገር ደንብ ግን አልነበረም። እነዚያ አባቶች ስለ ፎስፎረስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የፈረዱት በውጤቱ ነው። ውርጩ ገብሱን በአበባው ይመታዋል፤ ሣሩን አይመታውም። ስለዚህ የላይኛው ለሣር፣ የታችኛው ለእህል ሆነ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የአፈር ተመራማሪዎች በብዙ መሣሪያ የደረሱበት ድምዳሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሥርዓቱን እንደ ገነት ማየት ግን አይገባም። ከሁለቱ አባቶች ዘር የማይቆጠር ሰው በጓሳው ላይ መብት አልነበረውም፤ የጎረቤት ሰው፣ የዕደ ጥበብ ባለሙያ፣ ከቆላ የመጣ ሁሉ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ነበር። ጠባቂነቱና አግላይነቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ነበሩ፤ በኋላ ሁለቱም አብረው መውደቃቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከ1934 እስከ 1966፦ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ

ጣሊያን ወጥቶ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲመለስ መጀመሪያ የፈለገው ገንዘብ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን በሦስት ከፈለ፦ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ። በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ተጣለ። በ1937 ዓ.ም. አሥራቱ በገንዘብ ሲተካ 35፣ 30 እና 10 ብር ተጨመረበት፤ ሸዋን በመሳሰሉት ጠቅላይ ግዛቶች የለም ጋሻ 50፣ የለም ጠፍ 40፣ የጠፍ 15 ብር ሆነ።

ይህ፣ ብዙ ሰው እንደ ተራ የግብር ሠንጠረዥ የሚያየው ነገር፣ መንግሥት በአገር ደረጃ አፈርን ለመመደብ ከሞከረባቸው ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ነው። መለኪያው ግን እህል ብቻ ነበር። እህል የማያበቅል ጠፍ ነው፤ በግ የሚያበቅል፣ ምንጭ የሚያመነጭ፣ ሣር የሚያስታጭድ መሬት በሠንጠረዡ ላይ የራሱ ስፍራ አልነበረውም። ከፍተኛው ደጋ በመዝገብ ዝቅተኛ ሆነ። ዝቅተኛ ግብር ለባለመሬቱ እፎይታ ነበር፤ በመንግሥት ሰዎች ዓይን ግን ያ መሬት ገና ሥራ ያልጀመረ፣ ቀን የሚጠብቅ መሬት ተደርጎ ተቆጠረ። እኔ እንደማምነው በኋላ ከመጡት ማረሻዎች ሁሉ ይበልጥ ጓሳውን ያጋለጠው ይህ አስተሳሰብ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ እንኳ አልተለወጠም።

በዚሁ ዘመን ከጓሳው ክልል ውጭ፣ ከመንዝ እስከ ሸኖና ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ፣ ገበሬው ከአስቸጋሪው አፈር እህል ለማውጣት የራሱ ዘዴ ነበረው። ጋይ ይባላል። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ሣር ሆኖ የከረመ መሬት በበጋ ይታረሳል፤ ከነሥሩ የተገነጠለው ጓል ይደርቅና በየቦታው ይከመራል፤ በመካከሉ ኩበት ይገባና ይለኮሳል። ክምሩ ነበልባል አያወጣም፤ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ሲበርድ ይበተናል። ጥቁሩ አፈር ቀይ ሸክላ መስሎ ይወጣል፤ ገብስ ይዘራበታል።

የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ግሩም ነው። ሁለተኛው ይቀንሳል። ሦስተኛው፣ አራተኛው ዘር አይመልስም፤ መሬቱ ለሌላ አሥር ዓመት ለሣር ይተዋል። ሣህለመድኅን ሠርፁና ፔድሮ ሳንቼዝ እ.ኤ.አ. በ1978፣ መስፍን አበበ ደግሞ በ1981 ያሳተሟቸው ጥናቶች ምክንያቱን ገለጹት። እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ተቆልፎ የነበረውን ፎስፎረስ ይፈታል፤ ናይትሮጅኑን ተክል ወደሚወስደው መልክ ይለውጣል፤ ፖታሲየምም ይጨምራል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ለዘመናት የተጠራቀመው ብስባሽ ይነዳል፤ ጭቃው እየተጋገረ ወደ አሸዋ መጠን ይለወጣል፤ አፈሩ ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገር ይዞ የማቆየት አቅሙ ይወርዳል። ጋይ ካፒታልን እንደ ትርፍ መብላት ነው።

ገበሬው ይህን አያውቅም ነበር ማለት ስድብ ነው። ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለዚያ ነው ለረጅም ጊዜ የሚያሳርፈው። ሥርዓቱ የሚያዋጣው መሬት እስከ ተረፈ ድረስ ነው። አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ ትንሽ ቁራሽ አቃጥሎ ሌላውን በሣር ቢያቆይ ሣሩ በጉን ይመግባል፣ በጉም ቤቱን ያኖራል። የሰው ቁጥር ሲጨምርና የማሳረፊያው ዘመን ከአሥራ አምስት ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አምስት ሲያጥር ግን ያ የተቃጠለ አፈር የሚያገግምበት ጊዜ አያገኝም።

በጉን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመንዝ በግ፣ ያ አጭርና ጸጉራም በግ፣ ለውርጩ የተፈጠረ ነው፤ ዝተቱና በርኖሱ ከእሱ ይወጣል። በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቁሞ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻም የበግ ማራቢያ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ የእስራኤሉ የአዋሲ ዝርያ ገብቶ ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀል ተሞከረ። የግብርና ጠበብት ደጋውን እንደ በግ አገር ያዩበት አንድ አጋጣሚ ይህ ነበር። የግጦሹ መሬት ይዞታ ግን በእነሱ እጅ አልነበረም።

የካቲት 1967፦ መሬት ላራሹ፣ ጓሳ ለማን?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። በደቡብ ለሚኖረው ጭሰኛ ይህ አዋጅ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። መንዝ ግን የርስት አገር ነበር፤ የሚባረር ትልቅ ባላባት እምብዛም አልነበረበትም። አዋጁ እዚያ ያፈረሰው ዋነኛ ነገር በዘር የሚወረስ መብትን ነው፤ ቄሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዘር መብት ላይ የቆመ ነበር።

አፈሮዎቹ ሥልጣናቸውን በአንድ ሌሊት አጡ። ጓሳው በዙሪያው ላሉት የገበሬ ማኅበራት ተላለፈ። ቀድሞ በአጥሩ ውጭ የቆሙት ሁሉ ገቡ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ግን መዝጊያውን የሚዘጋ፣ ቀኑን የሚቆርጥ፣ አጥፊውን የሚቀጣ አልተተካም። ማኅበራቱ ለኮታና ለዘመቻ የተቋቋሙ ነበሩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሣር የሚያስጠብቅ ትዕግሥትም ሥልጣንም አልነበራቸውም። ሜዳው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆነ። ማረሻ ከዳር ከዳር እየገፋ ገባ፤ ሣሩ ሳይደርስ መታጨድና ከብት መስማራት ተለመደ፤ አስታውና ቁጥቋጦው ለማገዶ ተለቀመ።

ከጓሳው በስተደቡብ፣ በደሴ መንገድ ከደብረ ብርሃን አልፎ ባለችው በአንዲት ጥድም ማረሻው ወደ ላይ ወጣ። ድርሻ የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ነበር፤ አዲስ ጎጆ የወጣ ወጣት መሬት ሲጠይቅ ለማኅበሩ የቀረው የላይኛው ሣር ብቻ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በግብር መዝገብ ጠፍ የተባለው መሬት ያኔ ቀኑ ደረሰለት። የሶሻሊስቱ ሥርዓት ንጉሡን ቢያወርድም የንጉሡን የአፈር ሠንጠረዥ በልቡ ይዞት ነበር።

ከ1973 እስከ 1982፦ አፈሩ በሚዛን ላይ ወጣ

በ1960ዎቹ አጋማሽ በወሎ የደረሰው ረሃብ መንግሥትንም ለጋሾችንም ወደ አፈሩ እንዲያዩ አድርጓቸው ነበር። በ1973 ዓ.ም. በስዊስ ድጋፍ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ። መሪው ሃንስ ሁርኒ አዲስ መጤ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኃላፊነት ሠርቶ በፓርኩ ውስጥ የነበረችውን የግጭ መንደር ገበሬዎች ማሳ ሲያጠና ቆይቷል። ስሜን ላይ ያየው ነገር የመንዝን ታሪክ አስቀድሞ የሚናገር ነበር፦ እስከ 3,600 ሜትር አካባቢ በገብስ የተያዙ ተዳፋቶች ላይ ጥቁሩ አንዶሶል እየሳሳ፣ ዐለቱ ከሥር ብቅ እያለ ነበር። (ፓርኩ ውስጥ ይታረስ ወይስ አይታረስ የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2016 ግጭ ከፓርኩ ወጥታ ነዋሪዎቿ ወደ ደባርቅ እስኪሰፍሩ ድረስ ቀጥሏል።)

ፕሮጀክቱ በወሎ ማይባር፣ በሲዳሞ ጉኑኖ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በጎጃም አንጀኒ ጣቢያዎችን ከፈተ። ለእኛ ታሪክ ዋናው ግን አንዲት ጥድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተው ይህ ጣቢያ ከ3,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ጀምሮ እስከ 3,500 ሜትር ባለ 477 ሄክታር ተፋሰስ ላይ የቆመ ነው። ሥራው ቀላልና አሰልቺ ነበር፤ ዝናብ መለካት፣ ከማሳው የወረደውን ጭቃ በገንዳ አጠራቅሞ መመዘን፣ በወንዙ የሚያልፈውን ውሃ በጠርሙስ መቅዳት፤ በማግስቱም ይኸው። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ታዛቢዎች ይህን ለዓመታት ሠሩ። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ በአፍሪካ ደጋዎች ላይ ብርቅ ነው።

ከየጣቢያው ከተሰበሰበው በመነሣት ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፦ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይነሣል፤ ከግጦሽ መሬት 5 ቶን። የአገሪቱ ጠቅላላ 1.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ተባለ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ የተሠራው የደጋው መልሶ ማልማት ጥናት 1.9 ቢሊዮን ቶን ብሎ ነበር፤ ከደጋው ግማሽ የሚሆነው፣ 27 ሚሊዮን ሄክታር፣ በጉልህ እንደተሸረሸረ፣ 2 ሚሊዮን ሄክታሩ ደግሞ ለእርሻ ሊመለስ እንደማይችል አስጠነቀቀ። በድምሩ ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ የተነሣው አፈር አብዛኛው ወንዝ ሳይደርስ እዚያው ተዳፋቱ ሥር ይቆማልና። እኔ ከድምሩ ይልቅ ንጽጽሩን እይዛለሁ። አርባ ሁለትና አምስት። ደጋ ላይ ሣርን ወደ ገብስ መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር አኃዝ የለም።

መንግሥት ከእነዚህ ቁጥሮች የወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነበር። ጥያቄው «ይህ ተዳፋት ሊታረስ ይገባዋል ወይ?» መሆን ሲገባው «እንዴት እርከን እንሥራለት?» ሆነ። ምግብ ለሥራ በሚባለው አሠራር በስንዴና በዘይት እየተከፈለ በመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠራ። አንዲት ጥድም እርከን ለበሰች። የካቲት 1982 ዓ.ም. ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ የማኅበራቱ ጫና ሲላላ ግን ገበሬው ብዙውን እርከን አፈረሰው፤ በከፊል ወይም በሙሉ። ስንፍና አልነበረም። እርከኑ ከጠባቧ ማሳ ሰፊ ድርሻ ይወስዳል፤ አይጥ ይጠለልበታል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ በዚያ ዓመት ገብስ ላይ አይታይም። በኋላ በዚያች መንደር ላይ የተሠሩ የኢኮኖሚ ጥናቶች የገበሬውን ስሌት ትክክለኛነት አረጋግጠዋል።

እዚህ ላይ ወደ ጎረቤት ዘወር ልበል። ከመንዝ በታች፣ በሞረትና ጅሩ አምባ በእነዋሪ፣ ችግሩ ተቃራኒ ነው። መረሬው፣ ያ ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ውሃ ይጠግብና ስንዴውን ያሰምጠዋል። የእነዋሪ ሰው ግን ከማንም ሳይማር፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ አፈሩን በእጅ እየዛቁ ሰፋፊ መደብ ሠርተው ውሃውን በቦዩ ይሰዱታል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከልና የአገር ውስጥ ተቋማት ያንን ዘዴ መነሻ አድርገው በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሠሩ፤ በደጋው ላለው ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መረሬ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። መሣሪያው በየቦታው ባይሠራም መርሁ ትክክል ነበር፦ የመረሬው ችግር ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይመራል። የውርጩ ችግር ብርዱና የአፈሩ ተፈጥሮ ነው፤ ለእነዚህ መደብ አይወጣላቸውም። ሁለቱን በአንድ መመሪያ ማልማት ይቻላል ብሎ ማሰብ የዚያ ዘመን ትልቁ ስሕተት ይመስለኛል።

ከ1983 እስከ 2000ዎቹ፦ አጥሩ ተመለሰ፣ ባለቤቱ ተለወጠ

ጓሳው ሙሉ በሙሉ አለመታረሱ ዕድል ብቻ አልነበረም። ቄሮ በአዋጅ ከፈረሰ በኋላም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ ሕጉን የሚያስታውሱ፣ ጥቅሙን ያዩ። ደርግ ሳይወድቅ ጀምሮ የዙሪያው ማኅበራት በጋራ ኮሚቴ ሣሩን እየዘጉ መጠበቅን ሞክረዋል፤ መንግሥት ሲለወጥም ቀበሌዎቹ ያንኑ አጠናከሩት። የቀድሞው መርሕ ተመለሰ፤ ዝግ ዘመን፣ የመክፈቻ ቀን፣ ተራ ጠባቂ፣ ቅጣት። አንድ ትልቅ ነገር ግን ተለወጠ፦ መብቱ ከአስቦና ከጌራ በመወለድ ሳይሆን በዙሪያው ቀበሌ በመኖር ሆነ። የ1967ቱ አዋጅ ያመጣው ፍትሕና የአሮጌው ሥርዓት ጥበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ይህን የሠራው ሊቅም ባለሥልጣንም አይደለም፤ ሣር የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎቹ አንደበት ሰብስቦ ለዓለም አቀረበው። ሳይንቲስቱን ወደዚያ የወሰደው ቀይ ቀበሮው ነበር፤ ያገኘው ግን ሕግ ነው። ቀበሮው የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል፣ አይጡ በሣሩ፣ ሣሩም በዚያ አፈር ነው። ፍልፈል የሚቆፍረው አፈር ለዘመናት ተጠራቅሞ ሜዳው ላይ ጉብታዎችን ሠርቷል፤ ከታረሰ ቦታ እነዚህ ጉብታዎች ይጠፋሉ። ከዚያ ወዲህ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበርን የመሳሰሉ አጋሮች ገቡ፤ ስለ ጭላዳው የረጅም ጊዜ ምርምር ተጀመረ፤ የጎብኚ ማረፊያ ተሠራ። በ2000ዎቹ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። በኢትዮጵያ መንግሥት ከልሎ ሰውን ካስወጣባቸው ፓርኮች ይልቅ ሰው ራሱ የከለለው ስፍራ ይህን ያህል መዝለቁ ለጥበቃ ባለሙያዎች ትልቅ ትምህርት ነበር።

ከ2000 ወዲህ፦ ባሕር ዛፍ፣ ብቅልና ኖራ

ከጓሳው ውጭ ያለው ደጋ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የገባው ባሕር ዛፍ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በግጦሽና በማሳ ላይ ተዘረጋ። ስሌቱ አያስቸግርም፤ ገብስ በየዓመቱ ዘርና ጉልበት ይጠይቃል፣ በረዶና ውርጭ ይበላዋል፤ ባሕር ዛፍ አንዴ ተተክሎ፣ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ለገንዘብ ችግር እንደ ባንክ ይሆናል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም የሚባለው ክስ ትክክል ነው፤ ኩበት በየማዕድ ቤቱ በሚነድበት አገር ግን እንጨት ማግኘት ማለት እበት ወደ ማሳ መመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዛፍን በጅምላ ከሚያወግዙት ጋር አልስማማም። ተዳፋቱ የት እንዳለ፣ ምንጩ ከሥር ነው ወይስ አይደለም፣ የሚለው ይበልጣል። ከ3,200 ሜትር በላይ ደግሞ ውርጩ ችግኙን ስለሚጎዳው ዛፉ ራሱ ድንበሩን ያውቃል።

በ2007 ዓ.ም. ሐበሻ ቢራ ደብረ ብርሃን ላይ ማምረት ሲጀምርና ሌሎች ጠማቂዎችም ሲስፋፉ የብቅል ገብስ ገበያ ተከፈተ። ገበያው ዋጋ ሰጠ፤ ዋጋ ደግሞ ማረሻን ወደ ላይ ይስባል። በዚያው ላይ የአሲዳማ አፈር ጉዳይ የመንግሥት አጀንዳ ሆነ፤ ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ መሆኑ በየመድረኩ ይነገራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን በኪሎ አይለካም፤ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል፣ አፈሩ ከከፋም በቶን የሚቆጠር ያስፈልጋል፤ ከመፍጫው እስከ ተራራው አናት የሚያደርሰው የጭነት መኪናና አህያ ነው።

ለታችኛው ቀይ አፈር፣ ለዘመናት ሲታረስ ለኖረው ማሳ፣ ኖራው ዋጋውን ይመልሳል። ለላይኛው ጥቁር አፈር ግን አሲዱ ከብዙ በሽታዎቹ አንዱ ብቻ ነው፤ ኖራ ፎስፎረሱን ከአሉሚኒየሙ በጥቂቱ ቢያላቅቅም ውርጩን አያሞቅም፣ የደረቀውን አፈር ውሃ አያስይዝም፣ በሄክታር ከሚሸረሸረው አፈር አንድ ቁና አይመልስም። የቀበሌ ባለሙያው የኖራ ማከፋፈያ ቅጽ ሲሞላ የማሳው ስፋትና የአፈሩ አሲድነት ይጠየቃል። የማሳው ከፍታ፣ ተዳፋቱ፣ ከመታረሱ በፊት ምን እንደነበር የሚጠይቅ ዓምድ ቢጨመርበት አንዳንዱ ማሳ ከኖራ ይልቅ የሣር ዘርና የሦስት ዓመት ዕረፍት እንደሚያሻው ከቅጹ ይነበብ ነበር።